ሰባት ጠረጴዛ ያለፈ ፊት

አንድ ፊት ስንት ጊዜ ቢታይ ነው ታይቶ ታይቶ የሚያልቀው?

ይህን የጠየቀችኝ አክስቴ እማዋይሽ ናት፤ ከሩቅ አገር በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን። ስድስት ዓመት የተማርኩት ስለ ምስልና ስለ ኅትመት ስለሆነ መልሱን ማወቅ ነበረብኝ። «ይመስለኛል...» ብዬ ጀመርኩና አፌን ዘጋሁ። አክስቴ ጠብቃ ጠብቃ፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ የላክንሽ 'ይመስለኛል' ለማለት ነው?» አለች። እውነቷን ነው። በተማርኩበት አገር መጠራጠር ክብር ያሰጣል፤ በተወለድኩባት ከተማ ግን ለሚጠራጠር ሰው ወንበር የሚለቅ የለም።

የከተማዋን ስም እተወዋለሁ። ልማዷን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በከተማችን እያንዳንዱ ቤት የሠራውን ሰው ፊት በበሩ ላይ ይሰቅላል። ፊቱ የሚታተመው ነጭ ጨርቅ ላይ ነው፤ ቁመቱ ክንድ ተኩል ይሆናል፤ ስሙም የደጅ ፊት ይባላል። ፀሐይ ስለሚበላው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይታተማል። ማተሚያ ቤቱ አስቀድሞ አትሞ አያከማችም፤ ሰው ሲያዝ ብቻ አንዷን ጨርቅ አትሞ ይሰጣል። ድሮ እንዲህ አልነበረም ይባላል። አንድ ችኩል ሥራ አስኪያጅ ሥራ እንዲቀልለት ብሎ ገና ቤት ያልሠሩ የአርባ ሰዎችን ፊት አስቀድሞ አሳትሞ ደረደረ። ከአርባዎቹ አሥራ አንዱ፣ «ፊታችን ከታተመ ምን እናደርጋለን» ብለው ሳይወዱ ቤት ሠሩ። ከዚያ ወዲህ በማተሚያ ቤቱ በር ላይ «ሳይታዘዝ የሚታተም ፊት የለም» የሚል ተጽፏል።

ፊቱ ከመታተሙ በፊት ግን በፊቶች ጽሕፈት ቤት መታየት አለበት። ባለቤቱ ምስሉን በፍላሽ ይዞ ለመጀመሪያው ጠረጴዛ ይሰጣል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሰባተኛው ጠረጴዛ ይቀበላል። በየጠረጴዛው አንድ አንድ ሹም አለ። የሹሙ ሥራ ፊቱን ከፍቶ ማየት፣ በኮምፒውተሩ ማኅተሙን ማሳረፍና ሴቭ ማድረግ ነው። ማኅተሙ ነጭ ነው። ነጭ የንጽሕና ምልክት ስለሆነ።

ቀጥሎ የስቅለት ቀን ይመጣል። ሦስት ሦስት ጨርቅ አደባባዩ ላይ በተወጠረ ገመድ ይሰቀላል፤ ስሙ ያለበት ጠርዝ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ለየቤቱ አንድ አውቃለሁ ባይ ጎረቤት ተመድቧል። ጎረቤቱ ይመጣል፣ ያያል፣ የጎረቤቱን ፊት በእጁ ይነካል። ካገኘው «ታውቋል» ተብሎ ይጻፋል። ከሳተ ለቤቱ የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጣል። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ከሳተ ቤቱ ፊት የለሽ ተብሎ ለፊት የለሽ ቤቶች አስተዳደር ይተላለፋል። ከገበያው በታች ያለው መንገድ ግማሹ ዛሬ የአስተዳደሩ ነው። በሮቹ ሁሉ ላይ የተሰቀለው ፊት አንድ ነው፤ ግራጫ፣ ዓይን የሌለው፣ አፍ የሌለው። የአስተዳደሩ መሥራች ናቸው ይላሉ። ቤተሰባቸው አውቋቸዋል።

የአክስቴ ባል ጋሽ ባንተይርጋ አናጢ ነበሩ። አክስቴ የምትኖርበትን ቤት ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ በእጃቸው ሠርተው፣ የዛሬ አራት ዓመት ሞቱ። አውቃለሁ ባይ ሆነው የተመደቡት ጋሽ ቢተው ናቸው፤ በበረንዳው ላይ አርባ ዓመት ገበጣ አብረዋቸው የተጫወቱ ሰው። ባለፈው ዓመት ጋሽ ቢተው ገመዱ ፊት ቆሙና ሦስት የደበዘዙ ጨርቆች አዩ። ወዲያ ሄዱ፣ ወዲህ መጡ። በመጨረሻ መሐለኛውን እቅፍ አድርገው «ባንተዬ፣ ወንድሜን!» ብለው ተንሰቀሰቁ። ያቀፉት የላይኛውን ወፍጮ ቤት ያቆሙትን ወይዘሮ ነበር። የወይዘሮዋ ልጆች እስከ ዛሬ ሰላም አይሏቸውም።

እኔ ስመለስ ሁለተኛው የስቅለት ቀን ሊደርስ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል።

«ቤቱ ከሄደ ቢተው በኀፍረት ይሞታል» አለች አክስቴ። «እኔ የትም አልወድቅም፣ ዘመድ አለኝ። እሱን ግን ትቀብሪዋለሽ።»

ይህን ስትል እጇ የበሩን መቃን ይዞ ነበር። ዘመድ ያለችው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ የራሴ ጣሪያ የለኝም።

የዓምናውን ፍላሽ አምጥታ ሰጠችኝ። ከፈትኩት። ጋሽ ባንተይርጋ የነበሩበት ቦታ ላይ በጭጋግ ውስጥ የቆመ ድንች የሚመስል ነገር አየሁ። ፋይሉ ጄፔግ ነው። ያን ጊዜ ቢያንስ የጥያቄዋ ግማሽ ገባኝ።

«እቴቴ፣ ይሄ ዓይነቱ ፋይል ምስሉን ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው» አልኳት። «እንዲቀል ብሎ፣ ዓይን ልብ አይለውም ያለውን ይጥላል። አንዴ ቢጥል ማንም አያውቅበትም። ነገር ግን ተከፍቶ ማኅተም ተጨምሮበት እንደገና ሴቭ በተደረገ ቁጥር፣ እንደገና ይጥላል።»

«ቅቤ በእጅ እንደመቀባበል?»

«እንዴት?»

«ቅቤ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀባበይው በየመዳፉ ላይ ትንሽ ትንሽ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ለቆመው ሰው የሚደርሰው ሽታው ነው። ብትጠይቂ ግን የሰረቀ የለም።»

ከዚህ የተሻለ ገለጻ በስድስት ዓመት አልሰማሁም።

በማግስቱ ወደ ፊቶች ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። መግቢያው ላይ «ፊት ሁሉ በጄፔግ ይቅረብ፤ ቀላል ነው» የሚል ሰሌዳ አለ። ከሥሩ የወሩ ትጉህ ሠራተኛ ፎቶ ተለጥፏል፤ የአራተኛው ጠረጴዛ ሹም ናቸው፤ አንድን ፊት አርባ አንድ ጊዜ ሴቭ አድርገዋል። የእሳቸውም ፎቶ ደብዝዟል፤ ለመለጠፍ በሰባቱ ጠረጴዛ አልፏልና።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የሰባተኛው ጠረጴዛ ሹም ጋሽ ልሳነወርቅ ናቸው። የመነጽራቸው አንዱ እጀታ በክር የታሰረ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ክፋት የማይታይባቸው ሰው ናቸው። ቁጣ ይጠብቀኛል ብዬ ስለነበር ደግነታቸው ግራ አጋባኝ።

«ጋሽዬ፣» አልኳቸው፣ «ሴቭ ባደረጋችሁት ቁጥር እኮ ፊቱ ይቀንሳል።»

«ጎሽ! ልክ ነሽ» አሉ ደስ ብሏቸው። «እኔም የማየው እሱን ነው። ያልቀነሰ ፊት ያልታየ ፊት ነው። ከእኔ በፊት ያሉት ስድስት ጠረጴዛዎች መሥራት አለመሥራታቸውን ሌላ በምን ልወቅ?»

«በማኅተማቸው።»

«ማኅተሙ ነጭ፣ የፎቶው ጀርባ ነጭ። ነጭ በነጭ ላይ ማን ያያል፣ ልጄ?»

«ታዲያ ማኅተሙ መኖሩን በምን ያውቃሉ?»

«ባለመታየቱ ነዋ። ጥቁር ቢሆን ኖሮ እናየው ነበር።»

አመስግኜ ወጣሁ። ደግሞም እንደ ልማዴ ለአፍታ ጠረጠርኩ፤ ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? ሰውየው እኮ ለነገሩ ሁሉ ምክንያት አላቸው። ቤት እስክደርስ ድረስ በሐሳቤ እሳቸውን ደግፌ ከራሴ ጋር ስከራከር ነበር፤ ሊረቱኝም ምንም አልቀራቸውም።

ከጋሽ ባንተይርጋ የቀረው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ በአንድ ሠርግ ላይ ነጭ ግድግዳ ተደግፈው የተነሱት። እሱን ራሴ ስካን አደረግሁት፤ ለክንድ ተኩል ጨርቅ እንዲበቃ በትልቁ። ትንሽ ምስል ኋላ ቢለጥጡት ነጥቦቹ ይሰፋሉ እንጂ አዲስ ነጥብ አይወልድም። ይህን ብቻ ያለ ጥርጥር አውቃለሁ።

መጀመሪያ ያስገባሁት ቲፍ በሚባለው ዓይነት ነው። ቲፍ ምንም አይጥልም፤ የተሰጠውን ሁሉ ተሸክሞ ይኖራል። ለዚህም ነው የሚከብደው። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ኮምፒውተር ሊከፍተው ሞክሮ ሁለት ቀን ቆመ። የሁለት ቀን ባለጉዳይ ደጅ ላይ ተሰልፎ፣ «ያቺ የተመለሰችው ልጅ በሬ አስገብታ ነው» እያለ ሲያማኝ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ፍላሹ ከደብዳቤ ጋር ተመለሰ። ደብዳቤው «የቀረበው ፊት ከሟቹ ስለሚከብድ አልተቀበልነውም» ይላል።

ስለዚህ ወደ መስመር ዞርኩ። አንድ ዓይነት ፋይል አለ፤ ምስሉን በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ የሚይዝ። ቢያሳድጉት አይደበዝዝም፣ ሺህ ጊዜ ሴቭ ቢያደርጉት አይቀንስም፣ ክብደቱም እንደ ላባ ነው። አራት ቀን ተቀምጬ የጋሽ ባንተይርጋን ፊት በመስመር ሠራሁ። ኮራሁ። አክስቴን ጠራኋት።

«ማነው ይሄ?»

«ጋሽ ባንተይርጋ።»

ቀረብ ብላ አየች፣ ራቅ ብላ አየች። «ይሄማ ሳሙና ካርቶን ላይ ያለው ሰውዬ ነው። የግንባሩ የፈንጣጣ ጠባሳ የት ሄደ? ከዓይኑ ሥር ያለውስ እጥፋት? ከእኔ ጋር ሊጣላ ሲል መጀመሪያ የሚታጠፈው እኮ እሱ ነበር።»

«በመስመር ያን ሁሉ ማውጣት ይከብዳል።»

«እንግዲያው ለሱቅ ሰሌዳ አድርጊው። ባሌን አምጪልኝ።»

ልክ ነበረች። መስመር ለጽሑፍና ለምልክት ግሩም ነው፤ ብዙ ለኖረ ፊት ግን አይበቃም።

የቀረኝ ፒኤንጂ ነበር። ይህኛው ምስሉን አጣጥፎ ያስቀምጣል፤ ሲዘረጋ ግን የጎደለ የለም፤ ደግመው ደጋግመው ቢያስቀምጡትም ያው ነው። ከጄፔግ ይከብዳል፣ ከቲፉ ግን ይቀላል። አስገባሁት። ሰሌዳው ጄፔግ ይላል ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ የሚከፈት እስከሆነ ድረስ ሰሌዳውን የሚያነቡት ባለጉዳዮች ብቻ ናቸው። አንደኛው አሳለፈው፣ ሁለተኛው አሳለፈው። አራተኛው ሠላሳ ስምንት ጊዜ ሴቭ አድርገው አሳለፉት። ሦስት ሳምንት በተስፋ ኖርኩ።

ሰባተኛው ጠረጴዛ ላይ ተመለሰ። ጋሽ ልሳነወርቅ በአካል ጠርተውኝ በሐዘን ነበር ያናገሩኝ።

«ልጄ፣ ይህ ፊት አልታየም።»

«ስድስት ሹም አይቶታል፣ ጋሽዬ።»

«እንዴት ሆኖ? የፈንጣጣው ጠባሳ እንኳ አለ! በስድስት ጠረጴዛ አልፎ ጠባሳው ያልጠፋ ፊት አይቼ አላውቅም። ወይ እነሱ አልሠሩም፣ ወይ አንቺ በአጥር ዘለሻል። አስተካክለሽ አምጪው።»

አስተካክለሽ ማለታቸው አደብዝዘሽ ማለታቸው ነው። የቀሩት አሥራ ሁለት ቀናት ናቸው።

በዚያ ሳምንት ሁለት ነገር አደረግሁ። አንደኛው፣ ለማንም ሳልናገር የአውሮፕላን መነሻ ቀናትን ፈለግሁ። ሁለተኛው፣ ጋሽ ቢተውን ሸሸሁ፤ እሳቸው ግን ራሳቸው መጡ። በበረንዳው ላይ ተቀምጠው ጣራውን፣ መቃኑን፣ መዝጊያውን አንድ በአንድ አዩ።

«የጽሕፈት ቤቱን ሰዎች ቀይሩኝ አልኳቸው እኮ» አሉኝ። «'አውቃለሁ ባይ አይቀየርም' አሉኝ። ዓይኔ ደክሟል ብላቸው፣ 'እንዲያውም ጥሩ፣ አያዳላም' አሉኝ።»

አክስቴ ከጓዳ ሰማችና ወጣች። «ቢተው፣ ልጅቷን አታስጨንቃት። ዘንድሮም ሴትዮዋን ልታቅፍ አስበህ ከሆነ ደግሞ ባል አላት፣ ተጠንቀቅ!»

«አላት እንዴ?»

«ከሞቱ በኋላ ተገናኝተው ይሆናል።»

ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አክስቴ ይህን አይታ ይመስለኛል፣ ሥራ ልትሰጠኝ ፈለገች። ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን፣ ከሰባተኛው ጠረጴዛ የተመለሰውን ፎቶ በጣቷ አሳየችኝ። «መቼስ ዕድል ከቀናን ይሰቀላል፤ እስከዚያው ይህን ክርን አውጪልኝ።»

ከጋሽ ባንተይርጋ ትከሻ አጠገብ የሌላ ሰው ክርን ይታያል። በሠርጉ ላይ አብሯቸው የቆመ የአጎታቸው ልጅ ነው፤ በኋላ በአጥር ጉዳይ ፍርድ ቤት ቆሞ መሰከረባቸው።

«አራት ዓመት ሙሉ በሬ ላይ ክርኑን ሰቅዬ ኖርኩ» አለች። «ዘንድሮ ቤቱን ብቀማም ያለ እሱ ክርን ልቀማ።»

ክርኑን ማውጣት ቀላል ነበር። ፒኤንጂ ሌላም ነገር ይችላል፤ የምስሉን ጀርባ ባዶ አድርጎ ማስቀመጥ። ነጭ አላልኩም፣ ባዶ። ክርኑን ከነግድግዳው ቆርጬ አወጣሁት። ስክሪኑ ላይ ጋሽ ባንተይርጋ ብቻቸውን ቀሩ፤ ከበስተኋላቸው ኮምፒውተር ባዶነትን የሚያሳይበት ግራጫና ነጭ ዳማ መጣ። ሥራዬን ጨርሼ እጄን ስታጠብ ነው የደነገጥኩት። ከግድግዳው ጋር የስድስቱን ሹማምንት ማኅተም ቆርጬ ጥያለሁ። ማኅተም የሰረዘ ሰው በዚያች ከተማ ፎቶ መነሳት ራሱ ይከለከላል።

ግድግዳውን ልመልሰው ነበር። ክርኑ አብሮ ሊመለስ ነው። አክስቴን አየኋት፤ ዳማውን ተደግፈው የቆሙትን ባሏን እያየች፣ «እንዲህ ነው!» ትላለች። ተውኩት። በነጋታው ፍላሹን ይዤ ወደ ሰባተኛው ጠረጴዛ ሄድኩ፤ የተመለሰ ፊት ከመለሰው ጠረጴዛ ይጀምራል ይላል ሕጉ።

ጋሽ ልሳነወርቅ ከፈቱት። መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይህ ዳማ ምንድን ነው?»

«ባዶ ነው፣ ጋሽዬ።»

«ባዶ ከሆነ እንዴት ይታያል?»

«ባዶ መሆኑ እንዲታወቅ ነው።»

«ጥሩ አሠራር ነው» አሉና ጥቂት አሰቡ። «የስድስቱ ማኅተምስ የት አለ?»

«እንደ በፊቱ ነው፣ ጋሽዬ። አይታይም።»

«ልክ ነው» አሉና የራሳቸውን ማኅተም አሳረፉ።

ነጩ ክብ በግራጫው ዳማ ላይ ቁጭ አለ። ስማቸው፣ የጠረጴዛቸው ቁጥር፣ በመሐሉ ያለችው ትንሽ ዓይን፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ታየ። ጋሽ ልሳነወርቅ ጣታቸውን እንዳነሱ ቀሩ። በጣም ቀስ ብለው፣ «ያ የእኔ ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሳሳርፍ...» መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ዓይን እንዳለበት ነግረውኝ ነበር። አምኜ ነው የኖርኩት።» መነጽሩን መልሰው አደረጉ። «ግን የእኔ ታይቶ የእነሱ የማይታየው ለምንድን ነው?»

«ይመስለኛል...»

«የእኔ በማዕረግ ስለሚበልጥ ነው» አሉ። ወዲያው ግን ደግነታቸው አሸነፋቸው። «ቢሆንም ማየት አለባቸው። ጥሪያቸው!»

ስድስቱም መጡ። ጠረጴዛውን ከበቡ። ይጋፉ ጀመር። ሁለተኛው በጆሮው በኩል ይሁንልኝ አሉ፤ አምስተኛው ጆሮው የእኔ ነው አሉ፤ ሦስተኛው ጢሙ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ጢማቸው ነጭ ነው፣ ይጠፋብዎታል!»

«እውነትሽን ነው፣ ተባረኪ። ዳማው ላይ ይሁንልኝ።»

ሰባት ነጭ ማኅተም የጋሽ ባንተይርጋን ራስ ዙሪያውን ከበበ። የአራተኛው ጠረጴዛ ሹም ልማድ ሆኖባቸው ሃያ ምናምን ጊዜ ሴቭ አደረጉ። ከጠባሳው አንዲት ነጥብ አልጠፋችም። ደብዝዟል አልደበዘዘም ብሎ የተመለከተ ሹም አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው የራሱን ማኅተም ነው። ጋሽ ልሳነወርቅ ፍላሹን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ይሄ» አሉ፣ «በደንብ የታየ ፊት ነው።»

ከዚያ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። መሣሪያውን የምታንቀሳቅሰው አሰገደች ናት፤ ልጆች ሳለን አንድ ክፍል ተምረናል፣ መሳለቅ ትወዳለች። ፍላሹን እያቀበልኳት አንድ ፍርሃት ያዘኝ፤ ሰባቱ ማኅተም ጨርቁ ላይ ከወጣ ጋሽ ቢተው የሚያዩት ፊት ነው ወይስ ማኅተም?

«አሰገደች፣ ነጩ እንዴት ሆኖ ነው የሚወጣው?»

«የቱ ነጭ?»

«ማኅተሞቹ።»

ሳቋን ለቀቀችው። «አንቺ ስድስት ዓመት የት ነበርሽ? ጨርቁ ነጭ ነው። ለነጭ ጨርቅ ነጭ ቀለም የሚገዛ ማን አለ? መሣሪያው አራት ቀለም አለው፤ ነጭ የሚባል የለውም። ነጭ ሲያገኝ ዝም ብሎ ያልፋል።»

«እስካሁን ሁሉ ማኅተም...»

«አንድም ወጥቶ አያውቅም።» ቁልፉን ተጫነች። «እኔ ማኅተም የሚባል ነገር መኖሩንም ከአንቺ መስማቴ ነው።»

ይህን እኮ ተምሬው ነበር። ፈተናም ወድቄበታለሁ፣ ከዚያም አልፌበታለሁ። ጨርቁ ከመሣሪያው ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ ፀጉራቸው፣ ቀጥሎ ግንባራቸው ከነጠባሳው፣ ቀጥሎ ከዓይናቸው ሥር ያለው እጥፋት። በዙሪያቸው ንጹሕ ጨርቅ። ክርን የለም።

ቤት ስወስደው አክስቴ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ እጥፋቱን በአውራ ጣቷ ነካችው። «ሊጣላኝ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባችና ብዙ ቆየች።

በስቅለት ቀን አደባባዩ ሞላ። በእኛ ገመድ ላይ ሦስት ጨርቅ ተሰቀለ፤ ሁለቱ እንደ ወትሮው ጭጋግ፣ ሦስተኛው ጋሽ ባንተይርጋ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ጋሽ ቢተው ከዘራቸውን ይዘው መጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደመጡ ያወቅሁት ከመጀመሪያው ጨርቅ ጋር ሲጋጩ ነው። መዝጋቢው «ይመልከቱ እንጂ፣ አባት!» አላቸው። ከፈቱ። አንደኛውን አለፉ። ሁለተኛውን አለፉ። ሦስተኛው ጋ ቆሙ፤ ቆመው ቀሩ።

አክስቴ እጄን ይዛ ነበር፤ ጣቶቼ ደም አጡ።

«አንተ ሌባ!» አሉ ጋሽ ቢተው ጮክ ብለው። «ሁለት ጠጠር ደብቀህብኝ ነው የሞትከው!»

አደባባዩ በሳቅ ፈነዳ። መዝጋቢው ግን አልሳቀም። «መንካት አለብዎ። ስድብ ማወቅን አያረጋግጥም።»

ጋሽ ቢተው እጃቸውን ዘርግተው የጨርቁን ግንባር፣ ልክ ጠባሳው ላይ፣ ዳበሱት። «ጠጠሬን ሳትመልስ አልነካህም ብዬ ነበር፣ ባንተዬ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አስገደዱኝ።» መዝጋቢው «ታውቋል» ብሎ ጻፈ። አክስቴ እጄን ለቀቀችኝና እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለች፤ ሰዎች ወደቀች ብለው ሲሮጡ፣ «ተዉኝ፣ ቤቴ ነው፣ የትም እቀመጣለሁ» ትላለች። የቀሩት ሁለት ቤቶች ዕድልም ተሻሻለ፤ ከሦስት አንዱ የነበረው ከሁለት አንዱ ሆነ። አንደኛው ጎረቤት አገኘ። ሌላው ሳተ፤ ያም ቤት ገና አንድ ዓመት አለው።

በሳምንቱ የፊቶች ጽሕፈት ቤት ሰሌዳውን ቀየረ። አዲሱ፣ «ፊት ሁሉ ጀርባው ባዶ ሆኖ ይቅረብ፤ ማኅተም መቀመጫ ያስፈልገዋል» ይላል። ጄፔግ ጀርባው ባዶ መሆን ስለማይችል፣ ማንም ሳይከለክለው ቀረ። ምክንያታቸው ከእኔ ምክንያት ጋር በየትም በኩል አይገናኝም፤ ፊቶቹ ግን ይወጣሉ። ሴቭ የማድረግ ሽልማቱም ቀርቷል፤ አሁን የሚሸለመው ማኅተሙን በሚያምር ቦታ ያስቀመጠ ነው። ጎረቤቱ የሳተበት ቤተሰብ ሁሉ ፎቶውን ይዞ ወደ አክስቴ በረንዳ ይመጣል። ግድግዳ አወጣለሁ፣ መጋረጃ አወጣለሁ። በዚች ከተማ ስንት የተጣላ ሰው ክርን በየፎቶው እንዳለ አላውቅም ነበር። የአውሮፕላኑን ቀን መፈለግ ትቻለሁ፤ ትቻለሁ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን አላስቀምጥ አለኝ። ልንገራቸው? ማኅተማችሁ ጨርቅ ላይ ወጥቶ አያውቅም ልበላቸው? ብነግራቸው ነጭ ቀለም ሊገዙ ይችላሉ፤ ወይም ጥቁር ማኅተም። ባልነግራቸው ደግሞ እኒያ ደግ ሰው መነጽራቸውን ሲጠርጉ ያየሁት ነገር ይከነክነኛል። አክስቴን ጠየቅኳት። «ሰውየው ደስ ብሎታል፣ እኛም ደስ ብሎናል» አለች። «አንቺ የምትፈልጊው ሦስተኛ ደስታ ከየት ይምጣ?»

ቢሆንም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬን አንስቼ ለጋሽ ልሳነወርቅ መልእክት ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። በመጨረሻ፣ እኔ ከምነግራቸው ራሳቸው ይዩት ብዬ የላክሁት ይህን ነው፦ «ጋሽዬ፣ የጋሽ ባንተይርጋ ፊት በራችን ላይ ተሰቅሏል። በስክሪን እንጂ በጨርቅ አይተውት እንደማያውቁ አስባለሁ። በሰፈራችን ካለፉ ቆም ብለው ቢያዩት ደስ ይለናል።»

መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። አክስቴ ከበረንዳው፣ «ምን አለ?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። ይህ ከሆነ ክረምቱ ገብቶ ወጥቷል፤ እስከ ዛሬ ምንም አላሉም።